ስለ ሻጋታ ወገን፥ ይኸውም ስለ እርሾ፥ ስለ ዋግ፥ ስለ ቆርምድና ስለ ቆረቆር

ለመንዝ፥ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ሽማግሎች የተሰናዳ ንግግር



በመንዝም ሆነ በግሼ፥ በመርሐ ቤቴም ሆነ ሻጋታን የማያውቅ ሰው አይገኝም። በክረምት ወራት በሌማት ውስጥ የሰነበተ እንጀራ አረንጓዴ ሲለብስ፥ ሳይናፈስ የቆየ ቁርበት ወይም የብራና መጽሐፍ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ሲያወጣ ሁሉም ያየዋል። እንጉዳይንም ልጆች የጅብ ጥላ እያሉ በእግራቸው መትተው ያልፉታል፤ እርሾን የቤት እመቤት ታውቀዋለች፤ ዋግንና አረማሞን ገበሬ ያውቃቸዋል፤ ቆረቆርንም የልጅ እናት ታውቀዋለች። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ በስም ይለያዩ እንጂ በባሕርይ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። አማርኛ ለያንዳንዱ ስም ሲያወጣ ለወገኑ ሁሉ አንድ ስም ሳያወጣለት ስለ ቀረ፥ የትምህርት መጻሕፍት ከባዕድ ቋንቋ ወስደው ፈንገስ ይሉታል።

ከዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ፈንገስ የሚለውን ቃል ከሰሌዳ ላይ የገለበጠ ተማሪ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስለዋል። በፈተና ቀን ቃሉን አስተካክሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ማታ ከቤቱ ሲገባ ግን ጥቍር ፍሬ የተቀላቀለበትን ገብስ ሳይለቅም ይቆላል፥ ቆረቆር የያዘውን የወንድሙንም ቆብ አንሥቶ ያጠልቃል። እንዲህ ካለው ትምህርት የሚገኘው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ መምህር ትምህርቱን ከመጽሐፉ አስቀድሞ ከሌማቱ፥ ከጋኑና ከጎታው ቢጀምረው ይገባል፤ ሽማግሎችም ስለ እህልና ስለ አዝመራ የሚያውቁትን ወደ ክፍል ገብተው ቢናገሩ ልጁ ሁለቱን ዕውቀት አንድ ያደርጋቸዋል።

ሻጋታ አትክልት አይደለም፤ እንስሳም አይደለም። የቀድሞ ሊቃውንት ከምድር በቅሎ ስላዩት ከዕፀዋት ጋራ ይቈጥሩት ነበር። ኋላ ግን ባሕርዩ እየተመረመረ ሲሄድ ራሱን የቻለ መንግሥት ሆኖ ተለየ፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1969 ሮበርት ዊተከር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ሕይወት ያለውን ፍጥረት በአምስት መንግሥት ሲከፍል ከአምስቱ አንዱን ለፈንገስ ሰጥቶታል። ምክንያቱም ይህ ነው። ገብስና ባቄላ በቅጠላቸው የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ከአየርና ከውሃ ምግባቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ሻጋታ ግን ይህን ለመሥራት የሚያስችል የቅጠል አረንጓዴ የለውም፤ በእንጀራ ላይ አረንጓዴ መስሎ የሚታየው የዘሩ ቀለም ነው። ስለዚህ ሌላው የሠራውን ይበላል። የአበላሉም ሥርዓት ከእንስሳ ይለያል። እንስሳ ውጦ በሆዱ ይፈጫል፤ ሻጋታ ሆድ ስለሌለው የሚፈጭበትን ፈሳሽ አውጥቶ በምግቡ ላይ ያፈሳል፥ ምግቡም በሟሟ ጊዜ ይመጠዋል። የሻገተ እንጀራ የሚላሽቀው ስለዚህ ነው።

የብዙው ሰውነት ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ነው። እንጉዳይ ያየ ሰው ሁለንተናው ያ ብቻ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እንጉዳይ ፍሬ ነው፥ ዛፉ ከምድር በታች ወይም በበሰበሰ ግንድ ውስጥ የተዘረጋው ድር ነው። የክሩ ግድግዳ የተሠራበት ነገር ኪቲን ይባላል፤ የአንበጣና የጢንዚዛ ልብስ የተሠራውም ከዚሁ ነው። ዘሩ፥ በትምህርት ቤት ስሙ ስፖር፥ ከዱቄት ይልቅ የላመ ስለ ሆነ በነፋስ ይሄዳል፥ በውሃ ይሄዳል፥ በልብስና በእጅም ይሄዳል። እስከ 2020 በአውሮጳ አቈጣጠር ሊቃውንት ስም የሰጡት ዓይነት 148 ሺህ ያህል ነበር፤ ገና ያልተሰየመው ግን ከዚህ ይበልጣል ተብሎ ይገመታል።

ልጆች ይህን በዐይናቸው ያዩ ዘንድ መምህሩ ሦስት ክዳን ያላቸው ጠርሙሶች ያሰናዳ። በመጀመሪያው ጠርሙስ ድርቆሽ፥ በሁለተኛው ትኩስ እንጀራ፥ በሦስተኛው ውሃ የተረጨበት ድርቆሽ ያግባና ክዳናቸውን ዘግቶ በአንድ ስፍራ ያስቀምጣቸው። ልጆች በየቀኑ እያዩ ይጻፉ። የደጋው ብርድ ስለሚያዘገየው ጥቂት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሻግቱ የመጀመሪያው እንዳለ ይቀራል። ከዚህ ልጁ ሻጋታን የሚጠራው እንጀራው ሳይሆን እርጥበቱ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ዘሩ ወደ ሳንባ ሲገባ ስለሚጎዳ ጠርሙሶቹ ከተዘጉ በኋላ አይከፈቱም፥ አይሸተቱም፤ ትምህርቱም ሲያልቅ እንደ ተዘጉ ይቀበራሉ።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። እርሾ ከዚህ ወገን ክር የሌለው ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚኖር፥ በማጉያ መነጽር ካልሆነ የማይታይ እንቍላል የመሰለ ነገር ሲሆን፥ ከጎኑ ትንሽ ጕጥ አውጥቶ ያ ጕጥ ሲያድግ ሁለት ይሆናል። የተቦካ ሊጥ ሲሰነብት ከላዩ የሚያቆረው ቢጫ ውሃ ለሚመጣው ቡኮ የሚቀመጠው ይህ ፍጥረት በውስጡ ስላለ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1962 የታተመ ጥናት ከጤፍ እርሾ ውስጥ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለውን ዓይነት ማግኘቱን ገልጧል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ እርሾ ብቻውን እንደማይሠራ፥ ባክቴሪያ የተባሉ ሌሎች ረቂቃን ሊጡን እንደሚያኮመጥጡት አሳይተዋል። የእንጀራ ዐይን የምንለው እነዚህ ረቂቃን ያወጡት አየር ሊጡን በስቶ የወጣበት በር ነው።

የጠላም ነገር እንዲሁ ነው። ገብስ ተዘፍዝፎ ሲበቅል በውስጡ ያለው ዱቄት ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ ብቅል የሚጣፍጠው ስለዚህ ነው። እርሾው ያንን ስኳር በልቶ አልኮልና አየር ያወጣል፥ ጋኑም እሳት ሳይነድበት ይፈላል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ስለ መፍላት የጻፈውን የመጀመሪያ ጥናቱን ያወጣው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1857 ነው፤ መፍላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያስረዳው እርሱ ነው። የመንዝ ሴት ግን የፓስተርን ስም ሳትሰማ ጋኑን አጥባ በወይራ ጢስ ታጥነዋለች፤ ጢሱና ሙቀቱ ያልተፈለጉትን ረቂቃን ይቀንሳል፥ ሽታም ይሰጣል። ጌሾውም ለመራራነቱ ብቻ አይገባም፤ ጠላውን ከሚያበላሹት አንዳንዶቹን ይከለክላል። ጠላ ሲጠመቅ እያየች ያደገች ተማሪ ይህን ክፍል ስታስረዳ መምህሩ ዝም ብሎ ቢያዳምጣት ያተርፍ እንደ ሆነ እንጂ አይጎዳም።

ስለ እንጉዳይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በቈላ አገር ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለውን የሚበሉ አሉ፤ በከተማም ተዘርቶ የሚሸጥ አለ። ዳሩ ግን የሚገድለውን ከሚበላው የሚለይ አንድ ምልክት የለም። ብር አብሮ ሲቀቀል ካልጠቈረ ደግ ነው፥ ትል ከበላው ደግ ነው የሚባለው ሁሉ ሰውን አስቶ የገደለ ነው። የክፉዎቹ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም የሚጀምረው ከብዙ ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ ሰው ነገሩን ሳይጠረጥር ይውላል። ልጅ ሜዳ ላይ ያገኘውን እንጉዳይ ወደ አፉ እንዳያቀርብ መከልከል ይበቃል። ከዚህ ሁሉ ጋራ ጫካው የሚኖረው በዚህ ወገን መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የወደቀውን ግንድ ወደ ዐፈር የሚመልሰው ይኸው ነው፥ በጥድና በወይራ ሥር ውስጥም ገብቶ ከዐፈር ያገኘውን ለዛፉ እየሰጠ ከዛፉ ስኳር የሚቀበል አለ።

ዋናው ነገር ያለው በእርሻው ነው። ዋግና አረማሞ በአማርኛው ኦሪት ዘዳግም በ28ኛው ምዕራፍ ከድርቅ ጋራ ተቈጥረዋል፤ እንግዲህ የገበሬ ጠላትነታቸው የቈየ ነው። ዋግ በስንዴው ቅጠልና አገዳ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ትቢያ የሚያወጣው ሲሆን፥ ትቢያው ሁሉ ዘር ነው፥ በነፋስም ከአገር ወደ አገር ይሻገራል። በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የተባለውን የስንዴ ዘር የመታው የአገዳ ዋግ ነበር። ዲጋሉ አስቀድሞ ብጫ ዋግን ይችላል ተብሎ የተመሰገነ ዘር ነበረ፤ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ዋግ መጥቶ አገኘው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመረጠ ዘር ለዘላለም ይበቃል ማለት አይቻልም። አረማሞ ደግሞ የገብሱን ዛላ ወደ ጥቍር ዱቄት የሚለውጠው ነው። ከሁለቱ የገብስ አረማሞ አንዱ፥ ዱቄቱ ወዲያው የሚበተነው፥ በአበባ ጊዜ ገብቶ በፍሬው ውስጥ ይተኛል፤ ፍሬውም ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ገበሬው ሳያውቅ በሽታውን ከዘሩ ጋራ ይዘራል። ጥቍሩ ዛላ ሳይበተን በከረጢት ሸፍኖ መንቀልና ማቃጠል፥ ለዘርም ንጹሕ ከሆነ ማሳ መምረጥ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሽማግሎች እንዲያደምጡት የሚያስፈልገው የሲናር ነገር ነው። ሲናር በገብስ መካከል የሚበቅል፥ ብዙ ጊዜ ሳይነቀል ታጭዶ ከገብሱ ጋራ የሚወቃ መሆኑን በደጋ ያለ ሁሉ ያውቃል። ዝናም በረዘመበት ዓመት በሲናሩና አንዳንድ ጊዜ በገብሱ አበባ ላይ አንድ ፈንገስ ይገባና በፍሬው ፈንታ የጠነከረ፥ ጥቍር ወይም ሐምራዊ፥ የአውራ ዶሮ ጥፍር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ከጤነኛው ፍሬ ይረዝማል፤ በተሰበረም ጊዜ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። የላቲን ስሙ ክላቪሴፕስ ይባላል። በውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ስለዚህ ብዙ የበላው ሰው እጅና እግሩ ይደነዝዛል፥ እንደ እሳት ያቃጥለዋል፥ ኋላም ይጠቍርና ጣቱ ወይም እግሩ ደርቆ ይወድቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ታስወርዳለች፤ ከብትም ይጎዳል።

ይህ ከሩቅ አገር የተሰማ ወሬ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከግሼ በስተ ሰሜን ባለው በወሎ እንዲህ ያለ ሕመም ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሰውም እጅና እግሩን አጣ፤ ምክንያቱ ሲመረመር ከእህሉ ጋራ የተቀላቀለው ሲናር ይህን ጥቍር ፍሬ ይዞ ተገኘ። የሐኪሞቹም ጽሑፍ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከዚያም በ1993 ዓ.ም. በአርሲ እንደ ገና ታየ፤ በዚያ ጊዜ መርዙ የተገኘው ከገብስ ውስጥ ነበር። በአውሮጳ በመካከለኛው ዘመን ራይ የሚባለውን እህል የሚበሉ ድኾች በዚሁ ያልቁ ነበር፤ በሽታውንም ድውያኑን የሚያስታምሙት መነኮሳት በአባ እንጦንስ ስም ይጠሩ ስለ ነበረ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ይሉት ነበር።

መጠንቀቂያው ቀላል ነው፥ ነገር ግን ትጋት ይፈልጋል። እህሉ ከመቈላቱና ከመፈጨቱ በፊት በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ጥቍሩ ፍሬ አንድ በአንድ ይለቀም፤ መቍላትና መጋገር መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። የተለቀመው ለዶሮ ወይም ለበሬ አይሰጥ፥ ይቃጠል። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ ከውሃው አንድ አምስተኛ ያህል ጨው በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢያፈሱት ጥቍሩ ከላይ ይንሳፈፋል፥ ጤነኛው ይሰምጣል፤ የተንሳፈፈው ተገፎ፥ የሰመጠው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይሰጣል። በረኃብ ዓመት መልቀም እንደሚያስቸግር የታወቀ ነው፤ በወሎም ጕዳቱን ያበዛው ሰው ያገኘውን ሁሉ የሚበላበት ጊዜ ስለ ሆነ ይመስላል። ጣቱ ወይም እግሩ የጠቈረ ሰው ሲገኝ በሥጋ ደዌ ጠርጥሮ ማራቅ አይገባም፤ እህሉን አስቀምጦ፥ ያን እህል መብላቱንም አቁሞ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ከዚሁ ጥቍር ፍሬ የወጣ ኤርጎሜትሪን የተባለ መድኃኒት በሐኪም እጅ፥ በልክ ሲሰጥ፥ ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳትን ሴት ያድናል።

በባቄላ ላይ የመጣው ቆርምድ ደግሞ አዲስ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ መታየቱ ተሰምቷል። መጀመሪያ በቅጠሉ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ጕብጕብታ ያወጣል፤ ኋላም ቡናማ ይሆናል፥ ቅጠሉም ይኰማተራል፥ ተክሉ ቀጭጮ ይቀራል። ባቄላ ለሽሮውም ለማሳውም የሚሆን ስለ ሆነ፥ ባቄላ የጠፋበት ገበሬ ገብስ የሚያፈራርቅበትን ያጣል። ሊቃውንት ብዙ ዓመት በሽታውን ኦልፒዲየም በተባለ ፈንገስ ሲያሳብቡ ኖሩ፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ግን የበሽታው ዘር ተመርምሮ በኢትዮጵያ ያለው ፊሶደርማ የተባለ ሌላ ፈንገስ መሆኑ ታተመ። ይህን ለተማሪዎች መንገር ያስፈልጋል፤ በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ደግሞ ተመርምሮ ሊታረም እንደሚችል ያያሉና። ሁለቱም የሚዋኝ ዘር ስላላቸው ጠብታ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ውሃ የሚያቁር ማሳ የበለጠ የሚጎዳው ስለዚህ ነው። የሚተኛው ዘሩ በገለባና በዐፈር ውስጥ ስለሚሰነብት የታመመውን ገለባ ከማሳ ማራቅ፥ በዚያው ማሳ ባቄላን በየዓመቱ አለመዝራት፥ ውሃውን በቦይ ማስወጣት ይገባል። መድኃኒት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ቆረቆር። ይህ በልጆች ራስ ላይ የሚወጣ፥ ጠጕርን ከሥሩ የሚሰብር ፈንገስ ነው፤ በኢትዮጵያ ልጆች ላይ አብዝቶ የሚገኘው ትሪኮፊቶን ቫዮላሴየም ይባላል። ምግቡ ጠጕርና ቆዳ የተሠራበት ነገር ነው። የሚተላለፈው በአንድ ምላጭ ብዙ ልጆች ሲላጩ፥ በአንድ ማበጠሪያ ሲያበጥሩ፥ ቆብና ነጠላ ሲዋዋሱ ነው፤ ስለዚህ ምላጩ ለያንዳንዱ ልጅ አዲስ መሆን ወይም በፈላ ውሃ መቀቀል አለበት፥ ቆቡም መታጠብ አለበት። እናቶች ብዙ ጊዜ ቅባት ይቀቡታል፤ ነገር ግን ቅባት ፈንገሱ ወደ ተቀመጠበት ወደ ጠጕሩ ሥር አይደርስም። የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ከነዚህ አንዱ ግሪዞፉልቪን ይባላል፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ከሻጋታ ውስጥ የተገኘ ነው፥ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘበት ሻጋታም የዚሁ ዘመድ ነው። ጤና ጣቢያው ሰጥቶ እንደ ሆነ ቁስሉ የዳነ መስሎ ቢታይ እንኳ የታዘዘው ሳምንት እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ይዋጥ፤ ወንድሞቹና እኅቶቹም ይታዩ። ልጁን ግን ስለ ቆረቆሩ ከክፍል ማስወጣትም ሆነ ለብቻው ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱን እየዋጠ፥ የራሱን ቆብ አጥልቆ፥ ከጓደኞቹ ጋራ በወንበሩ ይቀመጥ።